አዲስ አበባን የሰየሙት እቴጌ የት ነው ያረፉት? ከእንጦጦ እስከ በዓታ

የካቲት 16 ቀን እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ወጥታችሁ ታውቃላችሁ? ነጭ ነጠላ የለበሰው ሕዝብ በባሕር ዛፉ መሀል ዳገቱን ተያይዞታል። ጸበል የቀዱ እናቶች ጀሪካናቸውን ይዘው ይወርዳሉ። ትንፋሽ አጥሯችሁ ቆም ስትሉ ደግሞ አዲስ አበባ ከእግራችሁ ሥር ተዘርግታ ታገኟታላችሁ። ብዙዎቻችን እዚህ ጋ ስልካችንን አውጥተን ፎቶ እናነሳለን፤ ከዚያ መንገዳችንን እንቀጥላለን።

ግን አንድ ነገር እንንገራችሁ። ከዚህ በዓል 12 ቀን ቀደም ብሎ፣ የካቲት 4፣ ያቺን ከተማ ስሟን ያወጡላት ሴት የሞቱበት ቀን ነው። የሞቱትም እዚሁ እንጦጦ ተራራ ላይ ነው። ከበዓሉ 7 ቀን በኋላ ደግሞ የካቲት 23 ይመጣል፤ ዓድዋ። እዚያም ነበሩ።

እቴጌ ጣይቱ ብጡል። ስማቸውን የማያውቅ የለም። ሆቴሉን እናውቀዋለን፣ ዓድዋ ሲከበር ፎቶአቸውን ፖስት እናደርጋለን። መቃብራቸው የት እንደሆነ ግን ስንቶቻችን እናውቃለን? የመጨረሻዎቹን አራት ዓመታት የት፣ እንዴት እንዳሳለፉስ? ዛሬ ይህንን ነው የምናወራው።

ከሰሜን የመጡት ሴት

ጣይቱ የሸዋ ሰው አልነበሩም። ይህን መጀመሪያ ያዙት፤ በኋላ ለሚመጣው ነገር ሁሉ ቁልፍ ነው።

አባታቸው ራስ ብጡል ኃይለ ማርያም ናቸው። አጎታቸው ደግሞ ሰሜንንና ትግራይን ይገዙ የነበሩት ኃያሉ ደጃዝማች ውቤ። ደጃች ውቤ ንጉሠ ነገሥት ለመሆን ያስቡ ነበር ይባላል። ግን በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ላይ በካሳ ኃይሉ ተሸነፉ፤ ካሳም እዚያው፣ ውቤ ባሠሩት ደረስጌ ማርያም፣ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። በአንድ ቀን ውጊያ የቤተሰቡ ዕጣ ተገለበጠ ማለት ነው። ጣይቱ ያደጉት እንዲህ ሥልጣን በእጁ ገብቶ በወጣ ቤት ውስጥ ነው።

በዚያ ዘመን ለሴት ልጅ ብርቅ የነበረውን ትምህርት አግኝተዋል። አማርኛ ያነባሉ ይጽፋሉ፣ ግዕዝ ያውቃሉ፣ በገና ይደረድራሉ። ከምኒልክ በፊት ከአንድ በላይ ትዳር አይተዋል፤ አንዱም አልጸናም። የሸዋውን ንጉሥ ምኒልክን ሲያገቡ ልጅ አልነበሩም። የበሰሉ፣ ብዙ ያዩ ሴት ነበሩ።

ጋብቻው የተፈጸመው በ1875 ዓ.ም. አንኮበር ላይ ነው። በቁርባን ነው የተጋቡት። ቁርባን ማለት በቀላሉ የማይፈርስ ጋብቻ ነው። ለምኒልክ ይህ ጋብቻ ከሰሜን ትልልቅ ቤቶች ጋር ዝምድና ነው፤ ለጣይቱ ደግሞ የጠፋው የቤታቸው ክብር መመለሻ። ፍቅሩ የት ጋ ጀመረ፣ ፖለቲካው የት ጋ አለቀ? እሱን እናንተ ፍረዱ። አብረው ግን 30 ዓመት ኖረዋል።

እንጦጦ ቀዝቃዛ ነው

በዚያን ጊዜ ምኒልክ ከተማቸውን እንጦጦ ላይ አድርገው ነበር። ለጦርነት ጥሩ ቦታ ነው፤ ከዚያ ከፍታ ጠላት ከሩቅ ይታያል። ለኑሮ ግን ከባድ ነው። ብርዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ነፋሱ አጥንት ይገባል። ውኃ ሩቅ ነው፤ ማገዶውም እያለቀ መጣ። ዛሬ ተራራውን የሸፈነው ባሕር ዛፍ ያኔ አልነበረም፤ እሱ ኋላ በምኒልክ ዘመን ከውጭ የመጣ ዛፍ ነው።

ተራራው ላይ እንጦጦ ማርያም ታነጸች። በ1880 ዓ.ም. ለምረቃዋ ጣይቱ ያዘጋጁት ግብር ለቀናት የቆየና እስከ ዛሬ የታሪክ ጸሐፊዎች የሚያወሩለት ድግስ ነው። ከየአገሩ የመጣው መኳንንት የበላው ምግብና የጠጣው ጠጅ ለሆድ ብቻ አልነበረም። በዚያ ዘመን ግብር ማብላት ፖለቲካ ነው፤ ማን የት ይቀመጣል፣ ማን ምን ይቀርብለታል የሚለው ሁሉ ትርጉም አለው። ጣይቱ ይህን ጨዋታ ከማንም በላይ ያውቁበት ነበር።

ከዚያ ደግሞ ፍልውኃ አለ። ቤተ መንግሥቱ ሰው ከእንጦጦ ወርዶ በሞቀው ውኃ መታጠብ ይወድ ነበር። በ1879 ዓ.ም. ምኒልክ ወደ ሐረር ዘምተው ሳለ ጣይቱ ታች ሜዳው ላይ ሰፈሩ። ቦታውን ወደዱት፤ ቤት እንዲሠራላቸው ጠየቁ። ስሙንም አወጡለት፦ አዲስ አበባ። ቀስ በቀስ መኳንንቱም ወታደሩም ተከትሎ ወረደ።

እና አሁን ራይድ ጠርታችሁ የምትዞሩበት፣ ኮንዶሚኒየም የምትጠብቁበት ከተማ እንዲህ ነው የተጀመረው። ብርድ የሰለቻቸው አንዲት ሴት ቁልቁል አይተው።

ዘውዱ

አጤ ዮሐንስ በ1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ከወደቁ በኋላ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ሆኑ። ዘውድ የጫኑት ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. እንጦጦ ማርያም ነው። ከሁለት ቀን በኋላ፣ ጥቅምት 27፣ ጣይቱም እቴጌ ተብለው ዘውድ ጫኑ። ማዕረጋቸው ብርሃን ዘኢትዮጵያ ሆነ።

እዚህ ላይ ቦታውን ልብ በሉ። ሁለቱም የነገሡት ተራራው ላይ ነው። ጣይቱ ኋላ ሥልጣናቸውን አጥተው የሚመለሱትም እዚያው ተራራ ላይ፣ እዚያችው ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነው።

ውጫሌ፣ መቀሌ፣ ዓድዋ

የውጫሌ ውል ጉዳይ ትምህርት ቤት ተምረነዋል። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ነው የተፈረመው። 17ኛው አንቀጽ በአማርኛው ኢትዮጵያ ከፈለገች በኢጣሊያ በኩል ከሌሎች መንግሥታት ጋር መነጋገር ትችላለች ይላል። የኢጣሊያንኛው ግን ግዴታ ያደርገዋል። በአንድ ግስ አገር ሊሸጥ ነበር።

ማታለሉ ሲታወቅ ኢጣሊያ አንቶኔሊን ልካ ነገሩን ለማለስለስ ሞከረች። ምኒልክ በባሕርያቸው ታጋሽ ናቸው፤ ጠላትንም በለሰለሰ ቃል ያዘገያሉ። ጣይቱ ግን በድርድሩ ላይ ተቀምጠው ፊት ለፊት ነው የተከራከሩት። አንቶኔሊ በ1883 ዓ.ም. ባዶ እጁን ተመለሰ። ባልና ሚስቱ እንዲህ ነበር የሚሠሩት ይባላል፦ እሽ ማለት የምኒልክ፣ እምቢ ማለት የጣይቱ። ምኒልክ እምቢ ማለት ሲከብዳቸው ጣይቱ ነበሩ የሚሉላቸው። ችግሩ ምን መሰላችሁ? እሽ ባዩ ይወደዳል፤ እምቢ ባይዋ ትጠላለች። ይህ ቂም ተጠራቅሞ ኋላ ይመጣል።

በ1888 ዓ.ም. ጦሩ ወደ ሰሜን ሲዘምት ጣይቱ ቤት አልቀሩም። የራሳቸውን ጦር ይዘው ዘመቱ። መቀሌ ላይ ጣሊያኖች እንዳ ኢየሱስ በሚባለው ቦታ ምሽግ ሠርተው ነበር። የኢትዮጵያ ጦር ፊት ለፊት እየገጠመ ብዙ ሰው ረገፈበት። ያኔ ነው የጣይቱ ሐሳብ የመጣው፦ ምሽጉን ትተን ውኃውን እንያዝ። ምሽጉ ውኃ የሚቀዳው ከውጭ ነበር። የጣይቱ ሰዎች ምንጩን ያዙ፤ ቀናት ሲያልፉ ውስጥ ያለው ወታደር በጥም ተቃጠለ። በጥር ወር ምሽጉን ለቅቆ ወጣ።

ዓድዋ ዕለትም ከጦሩ ጋር ነበሩ። ሴቶቹን አሰልፈው ለተዋጊው ውኃ እንዲያደርሱና ቁስለኛ እንዲያነሱ አደረጉ፤ የሚያፈገፍገውንም ያበረታቱ ነበር። የዚያን ቀን ውጤት ዓለም ሁሉ ያውቀዋል። በዚያ ዘመን አፍሪካን ቁጭ ብለው የተከፋፈሉት የአውሮፓ መንግሥታት ካርታቸው ላይ አንድ ቦታ ባዶ መተው ግድ ሆነባቸው።

ሆቴሉ

ጣይቱ ከጦርነትና ከፖለቲካ ውጭም አእምሮአቸው አያርፍም። ወደ ከተማዋ የሚመጣው የውጭ አገር ሰው ማረፊያ አልነበረውም። ቤተ መንግሥት ሁሉን እያስተናገደ እስከ መቼ? ስለዚህ ፒያሳ ላይ ሆቴል ተከፈተ። ዛሬ ጣይቱ ሆቴል የምንለው፣ የአገሪቱ የመጀመሪያው ሆቴል እሱ ነው።

ያኔ ምግብ በገንዘብ መሸጥ እንደ ነውር የሚታይበት ጊዜ ነው። ምግብ ይጋበዛል እንጂ ይሸጣል እንዴ! መጀመሪያ ላይ ሰው ለመክፈል ማፈሩ በሰፊው ይወራል። ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. ሆቴሉ ላይ እሳት ተነስቶ ብዙ ነገር ሲያወድም የአዲስ አበባ ሰው የተንጫጫው ለሕንጻ ብቻ አልነበረም። የከተማዋ ትዝታ ነው የነደደው።

ንጉሡ ሲታመሙ

አሁን ወደ ከባዱ ክፍል እንግባ።

ምኒልክ ከ1898 ዓ.ም. ጀምሮ ሕመም ደጋገማቸው። በተለይ በ1902 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የመታቸው ሕመም አንደበታቸውን ያዘው፣ ሰውነታቸውንም አደከመው። አገሪቱ ንጉሥ አላት፤ ንጉሡ ግን መናገር አይችሉም።

ታዲያ ማን ይግዛ? ጣይቱ ያዙት። ሹም ይሽራሉ፣ ይሾማሉ፣ ትእዛዝ ያወጣሉ፣ ከውጭ መልእክተኞች ጋር ይነጋገራሉ። ለዘመድ አዝማዳቸው ያደላሉ የሚል ክስ ተነሣባቸው። ክሱ ከመሬት የተነሣ አልነበረም፤ የሰሜኑን ዘመዶቻቸውን ትልልቅ ቦታ ላይ ያስቀምጡ ነበር። የእንጀራ ልጃቸውን ዘውዲቱን ለወንድማቸው ለራስ ወሌ ልጅ ለራስ ጉግሣ የዳሩትም እሳቸው ናቸው። የሸዋ መኳንንት ይህን ሁሉ ሲያይ አንድ ነገር ፈራ፦ ዘውዱ ከእጃችን ሊወጣ ነው።

እውነቱን እንነጋገር። ሥልጣን ላይ ዘመድ መሾም የዚያ ዘመን ሁሉም መኳንንት ሥራ ነበር። ጣይቱ ላይ ግን ሁለት ነገር ተደረበ፤ የሰሜን ሰው ናቸው፣ ሴት ናቸው። ደግሞ ከምኒልክ ልጅ አልወለዱም። የራሳቸው ወራሽ ስለሌላቸው የሚቆምላቸው አልነበረም።

ወራሽ የተባለው የምኒልክ የልጅ ልጅ ልጅ ኢያሱ ነው፤ ሞግዚቱም ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደው። በመጋቢት 1902 ዓ.ም. ራስ ተሰማ፣ የጦር ሚኒስትሩ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስና ሌሎች መኳንንት ተስማሙና ጣይቱን ከመንግሥት ሥራ አገለሏቸው። የተፈቀደላቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ባለቤታቸውን ማስታመም።

እስኪ አስቡት። ትናንት አገር ያዘዙ ሴት ዛሬ የአንድ ክፍል አስታማሚ ሆኑ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሰበራል። ጣይቱ ግን ከሦስት ዓመት ተኩል በላይ ከዚያ አልጋ አጠገብ አልራቁም። የሸዋ መኳንንት ሥልጣን ፈላጊ ያላቸው ሴት፣ ሥልጣን ካለቀ በኋላም እዚያው ነበሩ።

ወደ ተራራው መመለስ

ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. አረፉ። ሞታቸው በይፋ አልተነገረም። እንደ ንጉሠ ነገሥት አልተለቀሰላቸውም፤ በግቢው ውስጥ ባለችው ሥዕል ቤት ኪዳነ ምሕረት በድብቅ ተቀበሩ። ጣይቱ ለ30 ዓመት ባላቸው አደባባይ ወጥተው ማልቀስ እንኳ ተከለከሉ።

ከዚያ ከቤተ መንግሥት ውጡ ተባሉ። ዘውዲቱ ወደ ፋሌ ተላኩ። ጣይቱ ወደ እንጦጦ።

ከ20 ዓመት በላይ በፊት ቀዝቃዛ ነው ብለው ትተውት የወረዱት ተራራ ላይ፣ ከማርያም ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ተቀመጡ። ዘውድ የጫኑባት ቤተ ክርስቲያን ናት። ከታች ደግሞ እሳቸው የሰየሟት ከተማ በየዓመቱ እየሰፋች ትታያለች። መብራቷን ማታ ማታ ማየት ይችሉ ነበር፤ መውረድ ግን አይችሉም።

በመስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ወረዱና ነገሩ የተለወጠ መሰለ። የእንጀራ ልጃቸው ዘውዲቱ ንግሥተ ነገሥታት ሆኑ። የዘውዲቱ ዘውድ የተጫነው የካቲት 4 ቀን 1909 ዓ.ም. ነው። ግን መኳንንቱ ጣይቱን አሁንም ይፈራል። ራስ ጉግሣን ከዘውዲቱ ለይተው ወደ በጌምድር የላኳቸው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ የጣይቱ ቤት በባልነት ተመልሶ ዙፋኑ አጠገብ እንዳይቀመጥ።

ጣይቱ ከዚያ በኋላ አንድ ነገር ብቻ ለመኑ፦ ወደ ጎንደር ሄደው ቀሪ ዘመናቸውን እዚያ እንዲጨርሱ። የትውልድ አገራቸው፣ የዘመዶቻቸው አገር ነው። አልተፈቀደም። ያረጁ፣ የታመሙ፣ ጦር የሌላቸው ሴት ናቸው፤ እሱም ሆኖ ተፈሩ።

ጥቂት ወራት ቆይተው ሞቱ። ቀኑ የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም.። አስተውላችኋል? ዘውዲቱ ከነገሡ ልክ በዓመቱ፣ በዚያው ዕለት።

እስቲ አሁን መቃብራቸው ጋ እንሂድ

እንጦጦ የወጣችሁ ቀን መጀመሪያ ማርያም ጋ ጎራ በሉ። የምኒልክ የድሮ ቤተ መንግሥት እዚያው አለ፤ ሰው ትልቅ ግንብ ጠብቆ ይሄድና የጭቃና የእንጨት ቤት ሲያይ ይደነግጣል። ሙዚየሙም አጠገቡ ነው፤ የነገሥታቱን ዕቃና አልባሳት ታዩበታላችሁ። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው እንጦጦ ፓርክ ውስጥ ቡና ጠጥተን ስንመለስ ይህን ቦታ አልፈነው ነው የምንሄደው።

መቃብሩ ግን እዚያ አይደለም። ወደ ከተማ መውረድ አለባችሁ። አራት ኪሎ፣ ከታላቁ ቤተ መንግሥት አጠገብ፣ ታዕካ ነገሥት በዓታ ለማርያም ገዳም አለ። አንድነት ፓርክን የጎበኘ ሰው በአጠገቡ አልፏል ማለት ይቻላል። ንግሥት ዘውዲቱ ለአባታቸው ማረፊያ ብለው ያሠሩት ነው።

የነገሥታቱ መቃብር ያለው ከቤተ ክርስቲያኑ ወለል ሥር፣ ምድር ቤት ውስጥ ነው። ጫማችሁን አውልቃችሁ ትገባላችሁ፤ ደረጃውን ወርዳችሁ ታገኟቸዋላችሁ። የእምነ በረድ መቃብሮች ናቸው። ምኒልክ እዚያ ናቸው። ጣይቱ ከጎናቸው። ዘውዲቱም እዚያው አሉ፤ እሳቸው በመጋቢት 1922 ዓ.ም. ራስ ጉግሣ አንቺም ላይ በወደቁ በሁለተኛው ቀን ነው ያረፉት። የዓፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ፀሐይም በዚያው ምድር ቤት አርፈዋል።

እዚያ ስትቆሙ አንድ ነገር ይገባችኋል። የካቲት 1910 ላይ መኳንንቱ ጣይቱን ከምኒልክ፣ ከዘውዲቱና ከቤተ መንግሥቱ ለይተው ተራራ ላይ አስቀምጠው ነበር። ዛሬ ጣይቱ ከባለቤታቸው ጎን፣ ከእንጀራ ልጃቸው ጋር፣ ከቤተ መንግሥቱ አጥር አጠገብ ተኝተዋል። ለጎንደር የጠየቁት አልተሰጣቸውም። ይህ ግን በመጨረሻ ተሰጣቸው።

በታሪካችን የአንደኛውን ሰው ስም በቀላሉ እናስታውሳለን። ሐውልቱ የእሱ ነው፣ አደባባዩ የእሱ ነው። ከጎኑ ሆኖ እምቢ ያለውን፣ ውኃውን ያዙ ያለውን፣ ከታመመ በኋላ አልጋው አጠገብ የቀረውን ሰው ግን ፈልገን ነው የምናገኘው። ጣይቱ ስማቸው አልጠፋም፤ እሱ ዕድለኛ ያደርጋቸዋል። የመጨረሻዎቹ ዓመታት ግን ከታሪካቸው ሲቆረጡ እናያለን፤ ሁሌ ዓድዋ ላይ ይጀመርና ዓድዋ ላይ ያልቃል። ሽንፈታቸውን ሳናውቅ ጥንካሬያቸውን አውቀናል ማለት ይከብዳል።

ስለዚህ የሚቀጥለው የካቲት ሲመጣ እንዲህ አድርጉ። የካቲት 4 ቀን በዓታ ውረዱ፤ የመግቢያ ሰዓቱን በር ላይ ጠይቁ። የካቲት 16 ኪዳነ ምሕረት ውጡ፤ ከላይ ሆናችሁ ከተማዋን እዩ፣ አንዲት ሴት ከዚህ ተራራ ላይ ለአራት ዓመት እንዴት ስታያት እንደኖረች አስቡ። የካቲት 23 ደግሞ ፎቶአቸውን ፖስት ስታደርጉ፣ ከሥሩ የሞቱበትን ቀንና ያረፉበትን ቦታ ጨምሩበት። ሁለት መስመር ናት።

ቸር ይግጠመን።